ፋይሉ ማን እጅ ላይ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ሳይመካከሩ አንድ ጉዳይ ላይ ገጥመዋል፤ የጤና መድህን። ጸሐፊዎቹ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ፣ ከዓለም ገናና ከቃሊቲ ናቸው። አንዱ ክሌም፣ ማለትም ሆስፒታሉ ከመድህኑ የሚጠይቀውን ሂሳብ፣ ይሠራል። አንዷ ነርስ ናት። አንዷ የታካሚ ልጅ፣ አንዱ ደግሞ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ቡና እያጠጡ ማነጋገር ነበር፤ አልሆነም፣ እዚሁ ይነጋገሩ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የሆስፒታሎቹንም ስም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ

«ሰላም ጋሼ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ሆስፒታል የጤና መድህን ጉዳይ የምከታተል ፎካል ነኝ። ሩብ ዓመት ሲያልቅ እንቅልፍ የለኝም። ፋይል ፍለጋ ከካርድ ክፍል ዋርድ፣ ከዋርድ ፋርማሲ ስሮጥ እውላለሁ። ዋርዱ “ልከናል” ይላል። ካርድ ክፍል “አልደረሰንም” ይላል። ፋርማሲ “ነገ ና” ይላል። ክሌሙ ሲዘገይ ግን ስብሰባ ላይ የሚነሳው የኔ ስም ነው። አለቆች “የክፍሎች ቅንጅት ይጎድላል” ብለው ያልፉታል። ይሄ ቅንጅት የሚባለው ነገር በተግባር ምንድን ነው?» ፎካሉ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ወንድሜ፣ «ቅንጅት ይጎድላል» የምትለዋን ነገር እኔም በብዙ ቃለ ጉባኤ ላይ አንብቤያታለሁ። ማንም አይቃወማትም፤ ማንም ላይም ሥራ አትጥልም። ቀጥሎ ሻይ ይመጣል፣ ስብሰባው ያልቃል። እንተዋትና ፋይሉን እንከተል።

ኮዬ ፈጬ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ የሳንባ ምች ነው ተባለ፣ ሪፈር ተጻፈላቸው፣ ዓርብ ማታ እናንተ ድንገተኛ ክፍል ደረሱ። የመድህን አባል ናቸው፣ መታወቂያቸው ታድሷል፣ ሪፈራቸው በእጃቸው ነው። እንዲህ ወረቀቱ የተሟላለት ታካሚ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገኘው! አሁን ወረቀታቸው የት የት እንደሚቀር ተመልከት።

ካርድ ክፍል ያለው ተረኛ መታወቂያውን አየና ስማቸውን ጻፈ። ቁጥሩን አልጻፈም። ከነአባቷ አንድ ዓይነት ስም ያላት ሴት በአንድ ወረዳ ውስጥ ስንት እንዳለች አንተ ታውቃለህ። የሪፈሩ ኮፒም አልተነሳም፣ ምክንያቱም ኮፒ ማሽኑ ያለው አስተዳደር ህንፃ ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ዓርብ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተቆልፏል። ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን ሰጣቸው፣ ግሉኮስ ሰቀለላቸው፣ የመጀመሪያውን መርፌ ከራሱ ካቢኔት አውጥቶ ወጋቸው። ሕይወት ይቀድማል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ነፍስ ከዳነ በኋላ ተመልሶ የጻፈው ሰው የለም። ላቦራቶሪ ደማቸውን መረመረ፣ ማሽኑ ውጤቱን በፈረንጅ ቀን አትሞ ሰጠ፣ ካርዱ ላይ ያለው ቀን ደግሞ የኛ ነው። ሳምንት ተኙ። በሚቀጥለው እሑድ ሐኪሙ «ይውጡ» አለ። እሑድ ቢሮው ዝግ ነው። ፋይሉ ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ አደረ፣ ሰኞ ጠዋት ራነሩ፣ ተላላኪው፣ ከሌሎቹ ጋር ሰብስቦ ካርድ ክፍል ወሰደው፣ ካርድ ክፍልም መደርደሪያው ላይ ሰካው። በቃ። አንተ የምታገኘው ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ካገኘኸው።

ልብ በል፣ እስካሁን ሰነፍ ሰው አላገኘንም። ሁሉም የራሱን ሠርቷል። ፋይሉ የጠፋው አንዱ «ሰጠሁ» ካለ በኋላ ሌላው «ተቀበልኩ» ሳይል ባለችው ክፍተት ነው። እዚያች ክፍተት ውስጥ ባለቤት የለውም። መስከረም 30 ወይም ታህሳስ 30 ሲደርስ የምትሮጠው ከወራት በፊት የተፈጠረ ክፍተት ለመድፈን ነው፣ እሱ ደግሞ በሩጫ አይደፈንም።

ስለዚህ አለቃህን ቅንጅት አትለምነው፣ የርክክብ መዝገብ ለምነው። ተራ ደብተር። ፋይል ከዋርድ ሲወጣ ሰጪ ይፈርማል፣ ተቀባይ ይፈርማል፣ ቀንና ሰዓት ይጻፋል። አንድ ፓኮ እስክሪብቶ ከግምጃ ቤት ለማውጣት ሞዴል 22 የሚያስሞላ መሥሪያ ቤት የብዙ ሺህ ብር ማስረጃ የያዘ ፋይል ያለ ፊርማ ሲያዞር አይገርምህም?

ቀጥሎ መንገዱን አስቀይር። የአባል ፋይል ከዋርድ ወጥቶ ካርድ ክፍል ገብቶ ሳይሆን፣ መጀመሪያ አንተ ጋ ደርሶ ከዚያ ካርድ ክፍል ይግባ። ይህቺን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ የሜዲካል ዳይሬክተሩና የነርሶች ኃላፊዋ የሜትሮኗ ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ማስታወቂያ ይበቃል። የጊዜ ገደብም ይኑረው። ዛሬ የወጣ ታካሚ ፋይል ነገ እስከ ምሳ ሰዓት አንተ ጋ፣ የቅዳሜና የእሑዱ ሰኞ እስከ ምሳ ሰዓት።

አንተም ላይ ግዴታ አለ። የጎደለው ነገር ካለ በዚያው ቀን መልስ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሳይጽፍ ቢያልፍ ከሁለት ቀን በኋላ ጠይቀኸው ታካሚዋን ያስታውሳታል። ከሁለት ወር በኋላ ግን ወይ አያስታውስም፣ ወይ ተዘዋውሯል፣ ወይ ስፔሻሊቲ ሊማር ሄዷል። ወረቀት ቀኑ በገፋ ቁጥር ለማሟላት የሚጠይቀው ጉልበት እየጨመረ ነው የሚሄደው፤ ይሄን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

አንድ ሌላ ነገር። በየሳምንቱ ሦስት ቁጥር አመሳክር፦ ካርድ ክፍል ስንት አባል መዘገበ፣ ፋርማሲ ለስንት አባል በዱቤ ሰጠ፣ አንተ ጋ ስንት ፋይል ደረሰ። ፋርማሲ ለ200 ሰው ሰጥቶ አንተ ጋ 140 ብቻ ከደረሰ የ60 ሰው ወረቀት አንድ ቦታ ተኝቷል ማለት ነው። በሳምንቱ ከፈለግከው ታገኘዋለህ፣ የሠሩት ሰዎችም ገና የተረኝነት (ዲዩቲ) ፕሮግራሙ ላይ አሉ።

ስብሰባ ላይ ስምህ ሲነሳ ደግሞ አትከራከር። ወረቀትህን አውጣ። ምን ጎደለ፣ የትኛው ክፍል ጋ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ። የሰው ስም አትጥራ፣ የክፍል ስም ይበቃል። የዕቁብ ሰብሳቢን ያለ ስም ዝርዝር ሰብስብ ብሎ መላክ አለ? አንተን የላኩህ እንደዚያ ነው። ዝርዝሩን ራስህ ሠርተህ ፊታቸው ስታስቀምጠው ወሬው ይለወጣል።

ጥያቄ

«ለዝግጅት ክፍሉ። ለገጣፎ አቅራቢያ ባለ ሆስፒታል ተኝቶ ማከሚያ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ። ሌሊት ዋርዱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ነርስ ብንሆን ዕድለኞች ነን። አሁን ደግሞ የመድህን ቅጽ ሙሉ፣ ጓንት ቁጠሩ፣ ሲሪንጅ ቁጠሩ ተባልን። እኔ ነርስነት የተማርኩት ሂሳብ ሠራተኛ ለመሆን ነው እንዴ?» ሲስተር፣ ከለገጣፎ

መልስ

ሲስተር፣ ዋጋ መተመን፣ መደመር፣ ቅጽ በሦስት ኮፒ መገልበጥ ያንቺ ሥራ አይደለም። ይህንን በግልጽ ተናገሪ፣ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ። ለታካሚው የሰጠሽውን መጻፍ ግን መድህን የሚባል ነገር ባይኖርም ያንቺ ነው። ያልተጻፈ መርፌ መጀመሪያ የሚጎዳው ክሌሙን ሳይሆን ታካሚውን ነው፤ ቀጣዩ ተረኛ አልተሰጠም ብሎ ሊደግመው ይችላል።

ስለዚህ ጠቡ ስለመጻፍ አይሁን፣ ሁለቴ ስለመጻፍ ይሁን። አለቆችሽን እንዲህ በያቸው፦ አንድ ገጽ አሳትሙልን። ጓንት፣ ሲሪንጅ፣ ካኑላ፣ ግሉኮስ፣ ጎዝ፣ ካቴተር፣ ኦክስጅን ከነሰዓቱ ተዘርዝሮ የታተመበት። የመድኃኒት መስጫ ቅጹ ጀርባ ላይ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። እኛ ምልክት እናደርጋለን፣ ዋጋውን የሚያሰላው ፋይናንስ ነው። ምልክቱም ተረኛ ሲቀያየር፣ ርክክብ ስታደርጉ አብሮ ይታያል። ያኔ «ሌሊቱን ያልተጻፈ አለ?» የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው ሌሊቱን የነበረችው ነርስ ቤቷ ሳትሄድ ነው።

የቅዳሜና የእሑድ ፋይል ጠረጴዛ ላይ ከሚከመር ቁልፍ ያለው ሳጥን ይኑር። ቁልፉ ሪፈርና አልጋ የሚያስተባብረው ሊያዞን ክፍል ይሁን፤ ሊያዞን ሁልጊዜ ተረኛ አለው።

ሌሊት ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚላኩ ታካሚዎች ደግሞ የባሱ ናቸው። ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ አምቡላንስ ሲነሳ ሁሉም ይጣደፋል፣ ያለው ወረቀት ሁሉ ታካሚው ደረት ላይ ይጣልና ይሄዳል። የናንተ ሥራ ማስረጃ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ሪፈር ከፋይሉ እንዳትወጣ፤ አብራ የምትሄደው እናንተ የጻፋችሁት አዲሷ ሪፈር ናት። ማንም ካላሰበበት በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ሁለቱን የሚለይ ሰው አይገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ለአለቆችሽ ነው። «ጓንት ቁጠሩ» ያለ ሰው ጓንት ሲያልቅ የት ነው? ነርሶች በየሌሊቱ ቆጥረው፣ ምልክት አድርገው፣ ዋርዱ ውስጥ ግን ያው ባዶ ካርቶን ካዩ በሦስተኛው ሳምንት ይተዉታል። እኔም ብሆን እተወዋለሁ። የመድህኑ ገንዘብ ሲገባ ምን እንደተገዛበት ለዋርዱ ይነገር። ስብሰባ አያስፈልገውም፣ ሜትሮኗ በጠዋት ዙሯ ላይ ብትናገረው ይበቃል።

ጥያቄ

«እናቴ ስኳርና ግፊት አለባት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ነን፣ በየዓመቱ ሳናቋርጥ እናድሳለን። ሆስፒታል ስንሄድ ካርዱም ምርመራውም ሳንከፍል ያልቃል፣ መድኃኒት መስኮት ስንደርስ ግን “የለም፣ ውጭ ግዙ” ነው። አንድ ቀን ፋርማሲ ያለችው ልጅ “መድህኑ እኮ አልከፈለንም” አለችን። ታዲያ እኛ የከፈልነው የት ሄደ?» ልጃቸው፣ ከዓለም ገና

መልስ

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ገንዘቡ እንዴት እንደሚዞር ላስረዳሽ።

እናንተ የምታዋጡት ሆስፒታሉ ካዝና ውስጥ አይገባም። መድህኑን በሚያስተዳድረው የወረዳ ወይም የከተማ ቋት ውስጥ ይጠራቀማል። ሆስፒታሉ እናትሽን የሚያክመው በዱቤ ነው። ከዚያ በየሦስት ወሩ የሰጠውን አገልግሎት ዘርዝሮ፣ ማስረጃ አያይዞ ሂሳብ ይጠይቃል። ያ ነው ክሌም የሚባለው። መድህኑ ይመረምራል፣ ያልተሟላውን ይቀንሳል ወይም ይመልሳል፣ የቀረውን ይከፍላል።

እናትሽ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የወሰደችው ኢንሱሊን ሂሳቡ በሰዓቱ ቢቀርብ እንኳ የሚጠየቀው መስከረም ካለቀ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ነው። መሀል ጳጉሜንም አለች። ከዚያ ምርመራው፣ ከዚያ ክፍያው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሆስፒታሉ መድኃኒት መግዛት አለበት። ከኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም ይግዛ ከሌላ፣ የሚገዛው ከውስጥ ገቢው ነው። ሂሳቡን አንድ ሁለት ወር ካዘገየ ወይም የግማሹ ሰው ፋይል ከጠፋበት የሚገዛበት ገንዘብ ያጥራል፣ ዕዳ ይቆለላል፣ መደርደሪያው ይሳሳል። እናትሽ መስኮቱ ላይ የምትሰማት «የለም» ከዚያ ልትመጣ ትችላለች።

ሁልጊዜ ግን ከዚያ አትመጣም። አንዳንዱ መድኃኒት በአገር ደረጃም ይጠፋል። አንዳንዴም በእርግጥ ከፋዩ ቢሮ ነው የሚያዘገየው፤ እንዲህ ሲሆን ሆስፒታሎች ላይ መፍረድ ግፍ ነው። የፋርማሲዋ ልጅ ልክ ልትሆን ትችላለች። ደግሞም «አልከፈሉንም» እና «ገና አልጠየቅናቸውም» ከመስኮቱ ውጪ ሆነሽ ስትሰሚያቸው አይለዩም። እሷም ላታውቅ ትችላለች፣ ስለዚህ በሷ ላይ አትጩሂ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? መድኃኒቱ ከሌለ ማዘዣው ላይ «የለም» ብለው ጽፈው ማህተም እንዲያደርጉበት ጠይቂ። ከግል ፋርማሲ ከመግዛትሽ በፊት መድህኑ ውል የገባበት ፋርማሲ ካለ ከመድህን ቢሮው አጣሪ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰዉ በብዛት ወደ ከነማ ፋርማሲ ነው የሚሄደው፣ ዓለም ገና ግን የሸገር ከተማ ስለሆነ የራሳችሁን ቢሮ መጠየቅ ይሻላል። ገዝተሽም ከሆነ ደረሰኙን ከነማዘዣው አትጣይ፣ ገንዘቡ ይመለስልሽ እንደሆነ ቢሮው ይነግርሻል።

የመታወቂያውን ነገር ደግሞ እዚያው እያለሽ እይ። የእናትሽ ስም ከሆስፒታሉ ካርድ ጋር አንድ ነው? ቁጥሩ ይነበባል? ቤት ውስጥ 18 ዓመት የሞላው ወንድም ወይም እህት ካለሽ በቤተሰቡ መዋጮ ብቻ አይታከምም፣ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ በወላጆቹ መታወቂያ ታክሞ ሆስፒታሉ ሂሳቡ ውድቅ ይደረግበታል፤ ያንን የሚያጎድለው ደግሞ ያው የመድኃኒት መግዣ ገንዘብ ነው።

በመጨረሻ ሐኪሟን ጠይቂያት። ስኳሩና ግፊቱ ተስተካክሎ ከሆነ ክትትሏን ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ይቻላል ወይ? ሜትፎርሚንና የተለመዱት የግፊት ክኒኖች ጤና ጣቢያም ይሰጣሉ። ለእናትሽም መንገዱ ያጥርላታል።

ጥያቄ

«ቃሊቲ አካባቢ ሆስፒታል አስተዳድራለሁ። ክሌም በመዘግየቱ ገቢያችን ተናግቷል። ሁለት ነገር አስቤያለሁ፦ ሶፍትዌር መግዛት፣ እና ፋይል ላዘገየ ክፍል የዲዩቲ ክፍያ መያዝ። ምን ይላሉ? በዚያው ፎካሉ ተጠሪነቱ ለማን ቢሆን ይሻላል?» ሥራ አስኪያጅ፣ ከቃሊቲ

መልስ

ከሁለተኛው ልጀምር። አያድርጉት። የዲዩቲ ክፍያ ሰው ሌሊቱን የሠራበት ነው። እንደው ያለ ቅጣትም የክፍያው መዘግየት ያስመርራል። እሱን የነኩ ዕለት ፋይል መዘግየቱን አያቆምም፣ መደበቁን ነው የሚጀምረው። ያልተሟላ ፋይል ይዞ መጥቶ «ይሄ ጎድሎኛል» የሚልዎት ሰው አይኖርም፤ ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ እርስዎም ቁጥሩ የተሻሻለ ይመስልዎታል።

ሶፍትዌሩ ጥሩ ነው። ግን ከመግዛትዎ በፊት ፋይሉን በእግርዎ ይከተሉት፤ ከካርድ ክፍል እስከ ፋይናንስ፣ አንድ ቀን ሙሉ፣ ምንም ሳይናገሩ። ወረቀቱ የሚጠፋበት ቦታ ላይ መረጃውም ይጠፋል። ላቦራቶሪው በአንድ ሲስተም፣ ካርድ ክፍሉ በሌላ ሲስተም፣ ፋርማሲው በኤክሴል ከሆነ የሚገዙት አራተኛ ሲስተም ነው። መብራት ሲጠፋና «ሲስተም የለም» ሲባል በምን እንደሚሠራም አስቀድመው ይወስኑ፣ ምክንያቱም ያን ቀን የታከመ ሰው ማታ የሚያስገባው ካልተመደበለት በቀላሉ ይረሳል። ሻጩ ሲመጣ ብዙ የሚያማምሩ ግራፎች ያሳይዎታል። እርስዎ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ያልተዘጉ ፋይሎች በየክፍሉ ስንት እንደሆኑ ያሳየኛል? ጊዜው ያለፈበት መታወቂያና ከ18 በላይ የሆነ ልጅ ሲመጣ እዚያው ካርድ ክፍል ላይ ይናገራል? ካልተናገረ ይሂድ።

አሁን የቦታውን ነገር እናንሳ፣ ምክንያቱም የእርስዎ ሆስፒታል መሀል ከተማ አይደለም። መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ለገጠሩ ነዋሪና ለትንንሽ ነጋዴው ነበር። ወረዳው አንድ፣ ጤና ጣቢያው የታወቀ፣ ሰዉም የሚተዋወቅ። ቃሊቲ ላይ ግን በአንድ ጠዋት የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አባል፣ ከገላን የመጣ የሸገር ከተማ አባል፣ ከዚያ ወዲያ ካለ የኦሮሚያ ወረዳ የመጣ ገበሬና በድርጅቱ ውል የሚታከም የፋብሪካ ሠራተኛ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። ከፋዩ የተለያየ ነው። ቅጹም፣ ማስረከቢያ ቀኑም ሊለያይ ይችላል። የአንዱ መታወቂያ በአማርኛ፣ የሌላው በቁቤ የተጻፈ ነው። ካርድ ክፍል በስም ከፈለገ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆንበታል፤ ስለዚህ ስሙ ምንም ሆነ ምን የመታወቂያ ቁጥሩ ይያዝ። ፋይሉ ላይም ገና ሲከፈት የከፋዩ ምልክት ይለጠፍ፣ በቀለም ቢሆን ይቀላል። የሸገሩ ፋይል የአዲስ አበባው ጥቅል ውስጥ ገብቶ ሄዶ፣ «የኛ አይደለም» ተብሎ ሲመለስ፣ የትክክለኛው ማስረከቢያ ቀን ያልፋል። የእያንዳንዱን ውል ማስረከቢያ ቀን፣ የዋጋ ዝርዝርና ምን ምን መያያዝ እንዳለበት በአንድ ገጽ አሳጥረው ለካርድ ክፍልም ለፋርማሲም ይስጡ። ውሉ ብዙ ጊዜ የእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ የሚሠሩበት ሰዎች አይተውት አያውቁም።

ውድቅ የሚሆኑትንም ይዩ። ተመልሶ የመጣ ሂሳብ ታርሞ እስኪሄድ ሌላ መዘግየት ነው። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና ከክፍያ ነፃ የሆኑ አገልግሎቶች ናቸው፤ መድህኑን መጠየቂያ ላይ ከገቡ ይመለሳሉ። የመኪና አደጋ የራሱ የተሽከርካሪ መድን አለው። ይህንን የሚለየው ፎካሉ ሦስት ወር ቆይቶ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ያለው ሰው በዚያው ሌሊት ነው። ስለዚህ ውድቅ የሆነው ከነምክንያቱ ወደሠራው ክፍል ይመለስ። ፋይናንስ ጋ ብቻ ከቀረ ድንገተኛ ክፍል የሚቀጥለውንም ሩብ ዓመት እንደዚያው ይሠራል፣ ማን ነግሯቸው!

ሰኔን አይርሱ። የአራተኛው ሩብ ዓመት ክሌም የሚሠራው ፋይናንስ በጀት ሲዘጋ፣ ፋርማሲ ቆጠራ ሲቆጥር ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ወረቀት ነው። የሚያዝያንና የግንቦትን ፋይል ሰኔ ሳይገባ አስጨርሰው ቢዘጉት ለሰኔ የሚቀረው የሰኔው ብቻ ይሆናል። መጋቢት ተኝቶ ሚያዝያ የወጣ ታካሚም በየትኛው ሩብ ዓመት እንደሚጠየቅ ከከፋዩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፣ አለበለዚያ እንዲህ ያለው ፋይል በሁለቱም ሳይገባ ይቀራል።

ፎካሉ ደግሞ ሰው ነው። ያገባል፣ ይታመማል፣ ፈቃድ ይወጣል። ምክትል ይመድቡለት፣ የስም ብቻ ያልሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን አብሮ የሚሠራ።

ሳምንታዊ ስብሰባ ያስፈልጋል ወይ ብለው ባይጠይቁኝም ልመልስልዎት። ያስፈልጋል፣ ግን ቆመው ያድርጉት። ካርድ ክፍል፣ ዋርድ፣ ድንገተኛ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ፋይናንስ፣ ፎካሉ። ያልተዘጉት ፋይሎች ይነበባሉ፣ እያንዳንዱ «የኔ ነው፣ እስከ ሐሙስ» ይላል፣ ወደ ሥራ ይሄዳል። ወንበር ካለ የዓመቱ ዕቅድ ይነሳል።

ተጠሪነቱን በተመለከተ፣ ለእርስዎ ቢሆን እመርጣለሁ። ፋይናንስ ስር ሲሆን ዶክተሮቹ ስልኩን አያነሱለትም።